አፍንጫ ሲፈርድ

ስለ መደብ ስንከራከር መሬትና ገንዘብ እንቆጥራለን እንጂ አፍንጫን የሚያነሳው የለም። ዓይን «እስቲ ደግሜ ልየው»፣ ጆሮም «ድገምልኝ» ይላል፤ አፍንጫ ግን አንዴ ከፈረደ ይግባኝ የለውም። «ሸተተኝ» ያለ ሰው ምክንያት አምጣ አይባልም።

ቅቤን እንይ። ወጥ ላይ ሲፈስ «አቤት ሲያውድ!» የምንለው ቅቤ፣ የገጠር ሴት ተቀብታው አውቶቡስ ስትገባ መስኮት ያስከፍታል። የወጡ እኮ ተነጥሮ ኮረሪማ የገባበት ነው የሚል ይኖራል። ይሁንለት፤ ግን መስኮቱ የሚከፈተው ሴትየዋ ገና አንድ እግሯን ስታስገባ ነው።

ዝባድም አለ። በጅማና በኢሉባቦር ገጠር አርቢው ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ዘግቶ ከዕጢዋ ይጠርገዋል። ጥሬው አያስጠጋም። በቀንድ ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲቀመም ግን ለዘመናት የአውሮፓ ወይዛዝርት ሽቶ ሆኖ ኖሯል። በእነሱ አንገት ላይ ክብር፣ በአርቢው ጋቢ ላይ ግማት!

ከሁሉ የሚከፋው የፋቂው ነገር ነው። የተነከረ ቆዳ ይሸታል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የጌታው አልጋ ጠፍርና የበቅሎው ኮርቻ ከዚያው ደጅ ወጥተው ሲሄዱ ማንም አልተጠየፋቸውም፤ ሠሪው ግን ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፣ ልጁንም የሚያገባለት አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ሽታው ከሥራው ወደ ሰውየው፣ ከሰውየውም ወደ ዘሩ ተሻገረ። ታዲያ ቆዳ ነክቶ የማያውቀው የልጅ ልጅ ምን ምን ይሸታል? ይህን የሚመልስ አፍንጫ የለም፤ የሚመልሰው ወሬ ነው። አፍንጫ የተማረውን ያሸታል ማለቴ ነው።

በ1960ዎቹ የነበሩ ተማሪዎች «ላብ አደር» እንበል ወይስ «ወዝ አደር» እያሉ ብዙ ቀለም ጨርሰዋል። ሁለቱም ቃል ያከበረው ያንኑ ከሰው ገላ የሚወጣውን ነገር ነው። በወረቀት ላይ ላብ ክቡር ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ሰው ታክሲ ውስጥ ከጎናችን ሲቀመጥ ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ እንላለን። ሰውየው የሚገባው ቧንቧ ወዳለበት ግቢ አይደለም። በጀሪካን የሚገዛ ውሃ ከወጥና ከመጠጥ ተርፎ ለገላ ይበቃል እንዴ? ንጽሕናችን የባሕርያችን ሳይሆን የቧንቧው ነው፤ የዶርሙ ውሃ ለሦስት ቀን ሲጠፋ ፍልስፍናችን ምን ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።