አቀንጭራና ወንፈል

ለጥቅም ተብሎ የሚያዝ ትውውቅ በምግባር ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን ያህል ይመዝናል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዛሬ ግን መምህሩም፣ ሠዓሊውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በአካል ከማያውቁት የሙያ ባልደረባ ጋር በቴሌግራምና በሊንክድኢን በአንድ የጣት ንክኪ ስለሚተዋወቁ፣ ጥያቄው የጥቂት ባለሟሎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

እንዲህ ያለው ግንኙነት ጥቅም ስላለበት ብቻ የረከሰ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በጎብዬ ሜዳ ማሽላ በሚታረምበት ወራት ወንፈል የሚገባው ገበሬ፣ ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ የሚያርመው ነገ የእርሱም እንዲታረምለት መሆኑን ከማንም አይደብቅም። ውለታው በቀን ይቆጠራል፤ የሚያፍርበትም የለም። እንግዲህ ነውሩ ከጥቅሙ ላይ ካልሆነ ከየት ላይ ነው?

መልሱን ለመፈለግ ከዚያው ማሳ ባንርቅ ይሻላል። አቀንጭራ የተባለውን አረም የራያ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል። ከሥሩ ተጣብቆም ውኃውንና ምግቡን ይመጣል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ በታየ ጊዜ ጉዳቱ ከመሬት በታች አስቀድሞ ተፈጽሟል።

የትምህርት ዕድል ወይም የዐውደ ርእይ ወሬ ሲደርሰን ብቻ ከረጅም እንቅልፍ ነቅተን «ለመሆኑ እንደምን አለህ?» የምንል ስንቶች ነን? ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በቴሌግራም ብቻ የማውቃቸው አንድ የራያ መምህር ረቂቄን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አርመውልኝ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ራያ ቆቦ ደርሶ ስልኩ ሲቋረጥ ስማቸው ከዝርዝሬ ውስጥ ነበረ። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ግን «እንደምን ከረሙ?» ያልኋቸው ወራት ቆይቼ ነው፤ ያውም ሌላ ረቂቅ አባሪ አድርጌ። አረሙልኝ። እንዴት እንደ ከረሙ አንድም ቃል አልጻፉልኝም፤ ከሰላምታው አልፌ አልጠየቅኋቸውማ።

የጎብዬ ስም ከራያ ርቆ በማሽላ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚነሣው በዚሁ አረም ምክንያት ነው። አቀንጭራን እንዲቋቋሙ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተዳቅለው በኢትዮጵያ ከተለቀቁት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። ሥራውን የመሩት ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የነገሩ መነሻ አንድ ትውውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለማያ መምህራቸው የፐርዱውን ተመራማሪ ዶክተር ጆን አክስቴልን አስተዋወቋቸው። አክስቴልም በአገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የማሽላ ዝርያ በመሰብሰቡ ሥራ እንዲረዷቸው ጠየቋቸው፤ ለከፍተኛ ትምህርት የጋበዟቸው ሥራቸውን ካዩ በኋላ ነው። አስተዋዋቂው መምህር ስማቸውን አስይዘዋል፤ ተማሪው ጉልበታቸውን ሰጥተዋል፤ እንግዳውም በራቸውን ከፍተዋል። በመካከላቸው ከሦስቱም የሚበልጥ ጉዳይ፣ ማሽላው፣ ነበረ። ዛሬ ትውውቁ ቀልሏል፤ ያን መካከለኛ ጉዳይ ማግኘት ግን አልቀለለም።

በአቀንጭራዎች ተሰላችተው የማንንም መልእክት ላለመመለስ የወሰኑ ባለሙያዎችን አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። ሆኖም ሳይንሱ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል። ማሽላው ያን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው ለጠላቱ ብሎ አይደለም፤ አፈር ውስጥ ያለውንና ምግብ የሚያቀብለውን ረቂቅ ፈንገስ ለመጥራት ነው። አቀንጭራው የሌላውን ጥሪ ሰምቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የፐርዱ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እንደ ታየው፣ አረሙን የሚቋቋመው ማሽላ ጥሪውን ፈጽሞ አላቋረጠም፤ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ዓይነት ለውጧል እንጂ። በመረብ ላይ ማዕረጉንና ሽልማቱን የሚደረድር ሰው የሚጠራው ማንን ነው? ያልተቋጨ ሥራውን፣ ያልተፈታለትን ጥያቄ አውጥቶ የሚያሳየውስ?

በቅርቡ ለራያው መምህር ያለ አባሪ ጻፍሁላቸው። ስለዚያ ክረምት ጠየቅኋቸው። ሁለት ቀን ቆይተው ባጭሩ መለሱልኝ፤ ከመልሳቸው ጋርም እስከ ዛሬ ለማንም ያላሳዩትን የራሳቸውን ረቂቅ ልከውልኛል። አርባ ገጽ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አርሜያለሁ።