የመድየኑ ጥላ፦ ጀርመን ለገባህ ወንድሜ፣ ለገባሽ እህቴ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የጁሙዓ መልእክት ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሰሚት፣ ከጎሮና ከአያት ተነስተው በዚህ መስከረምና ጥቅምት ለትምህርት ጀርመን ለገቡ ልጆቻችን ነው። ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁም፣ ልጃችሁን ኤርፖርት ሸኝታችሁ የተመለሳችሁ ወላጆችም አንብቡት።

ወንድሜ፣ በሌሊቱ በረራ ወጥተህ ጠዋት ፍራንክፈርት ወረድክ። እናትህ የቋጠረችልህ በርበሬና ሽሮ አብሮህ ገባ። ቋንጣውና ቅቤው ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባምና ቦሌ ቀረ። ባቡር ቀይረህ ተማሪዎች ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረስክ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችህ። ከዚያ እሑድ መጣ። ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ የሚያውቅህ አንድም ሰው የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የጎደለህ ነገር የሚገባህ። አዛን የለም።

እዚህ ሰፈራችን ሳለህ አዛን ሳታስበው ይጠራህ ነበር። አንዱ ሙአዚን ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ አባት "ተነስ" ይላል። በጀርመን በአብዛኛው ቦታ አዛን ከመስጂዱ ግድግዳ አይወጣም። የኮሎኝ ከተማ ማዕከላዊ መስጂድ እንኳ የጁሙዓን አዛን በድምፅ ማጉያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው በፈረንጆቹ 2022 ጥቅምት ላይ ነው፤ እሱም ጊዜና የድምፅ መጠን ተወስኖለት። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። እስከ ዛሬ የሰገድከው ሰፈሩ አስነስቶህ ነው ወይስ ልብህ? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሰጥባቸው ናቸው። የመጀመሪያ ወር የተለመደ ነገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አብሮ ይኖራል።

በአላህ ኪታብ ውስጥ ያንተን የሚመስል ታሪክ አለ። ሱረቱል ቀሶስን ክፈት። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወጣት ሳለ ከግብፅ ብቻውን ወጣ፣ ወደማያውቀው ሀገር ወደ መድየን። በፈርዖን ቤት ያደገ ሰው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ግን ቤት የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ሥራም የለውም። የመጀመሪያ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ተመልከት፤ ለአንተ ቀን የሚሆን ትምህርት አለው።

አንደኛ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ ጌታው ቀጥተኛውን ጎዳና እንዲመራው ተስፋ አደረገ። ከሁሉ በፊት አቅጣጫውን አስተካከለ። አንተም ክፍልህ እንደገባህ ሻንጣውን ሳትፈታ ቂብላህን ፈልግ። ቦሌ ላይ ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ጀርመን ላይ ግን ቂብላው ደቡብ ምሥራቅ ነው። ካርታ ላይ ብታየው፣ ከፍራንክፈርት ወደ መካ የሚወስደው አቅጣጫና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አቅጣጫ በጣም ይቀራረባሉ። ሶላት ለአላህ ብቻ ነው፣ ለሀገር አይሰገድም። ነገር ግን ናፍቆት ሲያስጨንቅህ አስታውስ፤ ወደ አላህ ቤት በዞርክ ቁጥር ፊትህ ወደ እናትህ በኩልም ነው።

የሶላት ሕግህንም እወቅ። መንገድ ላይ እስካለህ ሙሳፊር ነህና ባለ አራት ረከዓዎቹን ሶላቶች ማሳጠር ተፈቅዶልሃል። ለዓመታት ልትቀመጥ አስበህ ከገባህ በኋላ ግን በአራቱም መዝሀቦች ዘንድ እንደ ነዋሪ ሙሉውን ትሰግዳለህ። "ገና እንግዳ ነኝ" እያልክ ሴሚስተሩን ሙሉ አታሳጥር።

ሰዓቱም ይለወጥብሃል። አዲስ አበባ ላይ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። በጀርመን የጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዲሴምበር ላይ በርሊን ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእነሱ አቆጣጠር 16 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማለት ነው። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በአራት ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ይገባሉ፤ እሱም ልክ የክፍል ሰዓትህ ነው። ስለዚህ የትምህርት ፕሮግራምህን ስትሠራ የሶላት ሰዓቱን አጠገቡ ጻፍ። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ያለችው እረፍት ለአራት ረከዓ ትበቃለች። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የየትኛውም ሃይማኖት ተማሪ የሚጠቀምበት የጸጥታ ክፍል አላቸው፣ ጠይቅ። ከሌለ የቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ይበቃሃል፤ ምድር ሁሉ ለዚህ ኡመት መስገጃ ተደርጋለች። እግር መታጠብ ከከበደህ በውዱእ የለበስከው ኹፍ ላይ ነዋሪ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማበስ ይችላል፤ በወፍራም ካልሲ ላይ ማበስንም የፈቀዱ ብዙ ዑለማእ አሉ። አላህ በሩን አልዘጋብህም፣ አንተም በራስህ ላይ አትዝጋ።

ሁለተኛ፣ ሙሳ ደክሞና ተርቦ መድየን ውሃ ዘንድ ሲደርስ በጎቻቸውን የሚያጠጡላቸው አጥተው ዳር የቆሙ ሁለት ሴቶችን አየ። "እኔ ራሴ እንግዳ ነኝ፣ መጀመሪያ የራሴን ልፍታ" አላለም። አጠጣላቸው፣ ክፍያም አልጠየቀም። ወንድሜ፣ ተረጋግቼ ስቀመጥ ነው ሰው የምረዳው አትበል። ካንተ ከሳምንት በኋላ የደረሰውን ልጅ ባቡር ጣቢያ ተቀበለው። ቤት በገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻህን በማዘጋጃ ቤቱ ማስመዝገብ እንዳለብህ አንተ ተቸግረህ አውቀሃል፤ ለሚቀጥለው ንገረው። ደጉ ሥራ የሙስሊም ብቻ አይደለም። ደረጃው ላይ ዕቃ የከበዳትን ጀርመናዊት አሮጊት አግዛት፤ ምናልባት በሕይወቷ ያገኘችው የመጀመሪያ ሙስሊም አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ሦስተኛ፣ ካጠጣ በኋላ ወደ ጥላው ዞር ብሎ ተቀመጠና ጌታውን ለመነ። የዱዓው ሐሳብ አጭር ነው፦ ከአንተ ለሚወርድልኝ ማንኛውም መልካም ነገር ድሃ ነኝ። ልብ በል፣ ለሴቶቹ ችግሩን አልነገራቸውም። ጉዳዩን ያቀረበው ለጌታው ነው። አንተም የራስህ ጥላ ይኑርህ። ከፈጅር በፊት አሥር ደቂቃ ይሁን፣ ከዒሻእ በኋላ ይሁን፣ በአማርኛህም ቢሆን ያለብህን ሁሉ ለአላህ ንገረው። ቋንቋው አልገባ ብሎህ ይሆናል። ከክፍሉ ሁሉ አንተ ብቻ ዝም ያልክ መስሎህ ይሆናል። ማልቀስ የኢማን ድክመት አይደለም። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፣ ግን ሐዘናቸውን ያሰሙት ለአላህ ነበር።

እናት ስትደውል ደግሞ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም" ብለህ ውሸት አትልመድ። ላታስጨንቃት ብለህ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን "ትንሽ ከብዶኛል እማዬ፣ ዱዓ አድርጊልኝ" ብትላት የምትሰጥህን አስብ። የወላጅ ዱዓ ከማይመለሱ ዱዓዎች አንዱ ነው። የልብህን ከደበቅካት ራስህን ታጎድላለህ።

አራተኛ፣ ከሴቶቹ አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠራው ስትነግረው ሙሳ አልኮራም፣ ሄደ። የዱዓው መልስ የመጣው በሰው እጅ ነበር። አንተም ለምነህ ስታበቃ በርህን ዘግተህ አትቀመጥ። የመጀመሪያውን ጁሙዓ መስጂድ ፈልገህ ስገድ። የመስጂዱ ውጫዊ ገጽታ አያታልልህ፤ ብዙዎቹ ሚናራ የላቸውም፣ ከግቢ ኋላ ያለ አሮጌ መጋዘን ሊመስሉ ይችላሉ። በ1961 ጀርመንና ቱርክ የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የሄዱ የፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ የከፈቷቸው ናቸው። ዛሬ በዚያ ሀገር ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሙስሊም አለ። ኹጥባው በቱርክኛ ወይም በዐረብኛ ሆኖ ላይገባህ ይችላል። "አሚን" ግን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ከሶላት በኋላ ቶሎ አትውጣ፤ ቆመህ ሰላም በል። የሐላል ሥጋ ሱቁን፣ የሚከራየውን ቤት፣ የኢፍጧሩን ማዕድ የሚያሳይህ እዚያ የምታገኘው ወንድም ነው።

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሳምንት አዲስ ተማሪዎችን የሚያስተዋውቁበት ዝግጅት አለ፤ ማታ ማታ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት መዞርም ይኖርበታል። ብቸኝነት በበረታበት ሳምንት የሚመጣ ግብዣ ስለሆነ ከባድ ነው። ቀኑን በካምፓስ ጉብኝቱና በትምህርት ገለጻው ተገኝ፣ ጓደኛ ያዝ። ለማታው "አልጠጣም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ብለህ በፈገግታ መልስ። በመጀመሪያው ቀን ግልጽ የተናገረ ሰው በየሳምንቱ ሰበብ አይፈልግም። ምግብ ስትገዛም የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብብ። "ሽቫይን" ማለት አሳማ ነው፤ ከረሜላና ጣፋጭ ላይ "ጌላቲነ" የሚል ካየህ ከምን እንደተሠራ አጣራ።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ቤት ስትፈልጊ "ቬጌ" የሚሉትን የጋራ ቤት ታገኛለሽ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከባዕድ ወንዶች ጋር አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ለመጋራት አትፈርሚ። ለሴቶች ብቻ የተባሉ የጋራ ቤቶች አሉ፤ ፍለጋው ጊዜ ቢወስድም ታገሺ። ሒጃብሽ የሌሎችን ዓይን ቢስብ አንገትሽን አትድፊ። ሐበሻ ምድር ላይ ስደተኛ ሆነው የኖሩትን ኡሙ ሰለማንና አስማእ ቢንት ዑመይስን አስቢ፣ አላህ ይውደድላቸው።

አምስተኛ፣ ሙሳ ከሽማግሌው ጋር ውል ገባ፤ ስምንት ዓመት ሊሠራ፣ አሥር ከሞላም በራሱ ፈቃድ። ኢብኑ ዐባስ እንደነገሩን ረጅሙን ሞላ። እንግዳ ነኝ ብሎ ውል አላፈረሰም። አንተም በውል ነው የገባኸው። ቪዛ ስታመለክት ዝግ ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀምጠሃል፣ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ፤ የእናት ወርቅ ተሽጦበት፣ የአባት እቁብ ወጥቶበት፣ አክስት ከጂዳ ልካበት ይሆናል። አማና ነው። በአዲስ ስልክና በጫማ የመጀመሪያውን ወር አትጨርሰው። ሕጉ ለተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ሥራ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በድብቅ መሥራት ውል ማፍረስ ነው፣ የመጣህበትንም ትምህርት ይበላዋል። ያለ ቲኬት ባቡር መሳፈር ሲያዙህ 60 ዩሮ ያስቀጣል። ካልተያዝክ ግን ሒሳቡ አልተዘጋም፤ ለቂያማ ተላለፈ። አንዳንዱ "የካፊር ሀገር ነው" ብሎ ያቀልልሃል። አትስማው። አላህ ምእመናንን ቃል ኪዳናቸውን እንዲሞሉ ሲያዝ ከሙስሊም ጋር የተገባውን ብቻ አላለም።

ይህን ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነው? የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች በተላኩ በአምስተኛው ዓመት ተጨንቀው የተሰደዱት ወደኛ ምድር ነው፣ ያኔ ሙስሊም ወዳልነበረ ንጉሥ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት እውነቱን ተናገረ፣ ሀገሩን ግን አልከዳም። ከኸይበር ዘመቻ ጋር እስኪመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። አስማእ ደግሞ ሐበሻ ያየችውን፣ የሴት አስከሬን የሚሸፈንበትን ቃሬዛ ሥራ ለመዲና ሰዎች እንዳሳየች ተዘግቧል። እምነታቸውን ሳይጥሉ ቆዩ፣ ከአስተናጋጁ ሕዝብም መልካሙን ይዘው ተመለሱ። አንተም የሰዓት አክባሪነታቸውን፣ የሥራ ጥራታቸውን ይዘህ ና። ሶላትህን እዚያ ጥለህ አትምጣ።

ሙሳ ከዚያ ጥላ ስር ምንም ሳይኖረው ተነስቶ ቤት፣ ሥራና ትዳር አገኘ። ከመድየን ሲመለስ ደግሞ በጡር ተራራ ጌታው አነጋገረው። የስደቱ ዓመታት የዝግጅት ዓመታት ነበሩ። ያንተም ጠባብ ክፍል ምን እያዘጋጀህ እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር በኋላ ባለው ሰዓት ዱዓ አብዙ። ልጅ ያላችሁ ለልጃችሁ፣ የሌላችሁም ለጎረቤት ልጅ።

አላህ ሆይ! በባዕድ ሀገር ያሉ ልጆቻችንን በዓይንህ ጠብቅልን። ሲፈሩ አረጋጋቸው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ቅረባቸው። ዕውቀታቸውን ጠቃሚ፣ ሲሳያቸውን ሐላል አድርግላቸው። በዲናቸው ጸንተው፣ ለሀገራቸው ጠቅመው፣ ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ ሆነው መልሳቸው። አሚን።

ጀርመን ላለ ወዳጃችሁ አድርሱለት። ጁሙዓ ሙባረክ።