ብርሌውና መረቡ

ማንጎ በበዛበት፣ ባሮ በማይርቅበት በአንድ የጋምቤላ መንደር አንዲት ትንሽ ሐይቅ ነበረች አሉ። ሐይቅ ትባል እንጂ ሰው ጅረቱን በአፈር ግድብ አቁሞ ያበጃት ናት። መጀመሪያ ለከብት መጠጫና ለበቆሎ ማሳ ነበረች። ኋላ ከከተማ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ታንኳ አመጣ፣ አንዱ ዳስ ጣለ፣ አንዷ ቡና አፈላች፣ ሌላዋ ቆሮሶና አምባዛ ጠበሰች። እሑድ እሑድ የሙዚቃው ድምፅ ከግድቡ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። መንደሩም ከሐይቋ እንጀራ መብላት ጀመረ።

የግድቡ ጠባቂ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ድርቅ ተርፈው ጋምቤላ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው፤ ምንጭ ሲነጥፍ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸውና ውሃን በዋዛ አያዩም። ጎህ ሲቀድ ይነሱና በግድቡ አናት ሳይሆን በግርጌው ይሄዳሉ። ምስጥ የሠራውን ኩይሳ ያፈርሳሉ። አርጃኖ የማሰውን ጉድጓድ ይደፍናሉ። በመጨረሻም ከግርጌው ጥግ ቀጭን ውሃ ከምትንጠባጠብበት ቦታ ይደርሳሉ።

እዚያ ከኮታቸው ኪስ ብርሌ ያወጣሉ። ያለቀልቁታል፣ ይቀዱበታል፣ ወደ ፀሐይ ያነሱታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ያያሉ። ጥርት ካለ ይደፉትና ይሄዳሉ። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ግድቡ ያፈሳል ማለት ነው?»

«የአፈር ግድብ ሁሉ ያልበዋል ልጄ። ላቡ ከጠራ ጤነኛ ነው። አፈር ይዞ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው።»

የሐይቋ ኮሚቴ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ትርፉ ውሃ በማስተንፈሻው ሲወጣ ዓሣው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ጠንካራ መረብ ተወጠረ። ባጃጅ እንዲያልፍም የግድቡ አናት ተደልድሎ ዝቅ አለ። ለጥላ ብለው በግድቡ ላይ የማንጎ ችግኝ ተከሉ።

ሽማግሌው ተቃወሙ። «ማስተንፈሻ የውሃ በር ነው፤ በር ላይ ወንፊት አይሰቀልም» አሉ። የኮሚቴው ሊቀመንበር በአክብሮት ሰማቸውና «አባባ፣ እርስዎ ስለ ግድቡ ያስባሉ፣ እኛ ደግሞ ስለ ሰው እንጀራ» አላቸው። አንድ ክረምት አለፈ፣ ምንም አልሆነም። ሁለተኛውም አለፈ፣ ምንም አልሆነም። መረቡም መልካም ሐሳብ ተባለ።

በሦስተኛው ክረምት ደጋው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጅረቱ ሣሩን፣ ሸምበቆውን፣ የወደቀውን ግንድ ሁሉ ጠራርጎ መጣ፤ መረቡም የመጣለትን ሁሉ ያዘ። ሲነጋ ማስተንፈሻው የተወተፈ ጆሮ ሆኗል። ውሃው ዝቅ ወዳለው አናት ሽቅብ እየወጣ ነው። ሽማግሌው ግርጌ ወርደው ቀዱ፣ ብርሌውንም ወደ ብርሃን አነሱት። ጉሽ ጠላ ይመስላል።

ወደ ዳሱ ወጡና ብርሌውን ሊቀመንበሩ ፊት አስቀመጡት።

«ክረምት ነው አባባ! በክረምት የቱ ውሃ ነው የማይደፈርሰው?»

«የሐይቁ ይደፈርስ ልጄ። በግድቡ ሆድ አልፎ የሚመጣው ግን ሌላውን ክረምት ሁሉ ጠርቶ ነበር።»

«ኮሚቴው ሲሰበሰብ እናየዋለን።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ዓሣ ጠባሿን፣ አንዲት የአኝዋክ ሴት፣ ዘወር ብለው አዩአትና «ልጄ፣ ቢላሽን አውሺኝ» አሉ።

ሴትየዋ ቢላዋን አየችው። ብርሌውንም አየችው። መረቡ ከተቀደደ ለወራት የደለበው ዓሣ በሙሉ እንደሚሄድ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የልጆቿ የትምህርት ቤት ደብተር የሚገዛው ከዚያ ዓሣ ነው። ከግድቡ በታች ያሉትንም ጎጆዎች ታውቃለች፤ እናቷ እዚያ ናት። ቢላዋን አልሰጠቻቸውም። የታንኳውን ገመድ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጫፉን ለመንደሩ ጎረምሶች ሰጠች፣ እየተንበረከከች ወደ ማስተንፈሻው ጠርዝ ተጠጋች። የመረቡን አንድ ዓይን ቆረጠች። ሁለተኛውን ቆረጠች። ክሩ ወፍራም ነበርና ቢላዋው ይንሸራተታል፤ እጇ ደማ። ከዚያ መረቡ ድንገት ለቀቀ፣ ጎረምሶቹ ሳቧት፣ ግንዱም ሣሩም ዓሣውም አንድ ላይ ተግተልትሎ ሄደ። እሷ ቆማ አየችው። አንድም ቃል አልተናገረች።

ግርጌው ላይ ግን ሥራ አላለቀም። ጎረምሶቹ ጭቃና ጆንያ ተሸክመው ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሲሮጡ ሽማግሌው ከፊታቸው ቆሙ።

«ውሃውን አትከልክሉት፣ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። አፈሩን ከልክሉት።»

መጀመሪያ አሸዋ አስደፉ፣ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ። ውሃው በድርድሩ መሐል መንገዱን አገኘ፣ አፈሩ ግን ከኋላ ቀረ። ብርሌው ደጋግሞ ተቀዳ። ማታ ላይ ጠራ።

በቀጣዩ እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ግድቡ እንደቆመ ነው። ከታች ያሉት ጎጆዎችም እንዳሉ ናቸው። ዓሣው ግን የለም፣ መረቡም ተቀዷል። «ግድቡ ምንም ካልሆነ መረቡ ለምን ተቀደደ?» ተባለ። መልስ ጠፋ፤ ያልደረሰ ጎርፍ ምስክር ሆኖ አይቆምምና። በሽማግሌውና በሴትየዋ ላይ የመረቡ ዋጋ ተፈረደ። ሁለቱም ከፈሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ብርሌያቸውን ይዘው ግርጌ ወረዱ።

ተረቱ እዚህ ያበቃል። መረቡ ግን ተረት አይደለም።

በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ሳውዝ ፎርክ በሚባል ቦታ አንድ የአፈር ግድብ ነበር። የፒትስበርግ ባለጠጎች ክበብ ገዝቶ ሐይቁን የዓሣና የታንኳ መዝናኛ አደረገው። ሠረገላ እንዲያልፍ የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ የብረት መረብ አቆሙ። ውሃውን ከታች ማስተንፈስ የሚቻልባቸው ቱቦዎች ከክበቡ በፊት በነበረው ባለቤት ተነቅለው ተሸጠው ነበር፣ ክበቡም አልተካቸውም። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ መረቡ በቆሻሻ ተደፈነ። ሰዎች በመጨረሻዋ ሰዓት ሊያጸዱት ታገሉ፣ አልቻሉም። ውሃው በአናቱ አለፈ፣ ግድቡ ተናደ፣ ጎርፉ ከታች ያለችውን ጆንስታውንን አጠፋ። 2,209 ሰው ሞተ። ክበቡ በፍርድ ቤት አንድም ካሣ እንዲከፍል አልተፈረደበትም። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚያስቆጨኝ የዝናቡ ብዛት አይደለም፤ መረቡን ማንሳት በበጋው የአንድ ከሰዓት ሥራ መሆኑ ነው።

እኛም ዘንድ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ አቦቦ ወረዳ ውስጥ፣ የአልዌሮ ግድብ አለ። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ ለመስኖ የተጀመረ የአፈር ግድብ ነው፤ የታሰበው ከ10,000 ሄክታር በላይ እንዲያለማ ነበር። የሚይዘው ውሃ ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ዓሣ ይወጣበታል፣ ከታቹም እርሻና ሰው አለ። በግንቦት የሚገባው ዝናብ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የአልዌሮ ወንዝ ሲሞላ የሚሞላው ሜዳው ላይ በዘነበው ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ ባለው ደጋ በዘነበውም ነው። ምስጡም አርጃኖውም የአገሩ ነዋሪዎች ናቸው። ሥር የሰደደ ዛፍ በአፈር ግድብ ላይ ሲደርቅ ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይተዋል።

ስለዚህ የክልሉና የወረዳው ኃላፊዎች፣ ለግድብ በጀት ስትይዙ በግርጌው በየዕለቱ የሚሄደውን ሰው ደመወዝ አስቀድሙ፤ የሚያየውን የሚጽፍበት መዝገብና ሲናገር የሚሰማው መሐንዲስ ይኑረው። ማስተንፈሻው ግንቦት ሳይገባ ይጠረግ። እናንተም ለዓሣና ለንፋስ ወደ ግድብ ውሃ የምትሄዱ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ከግርጌው ደፍርሶ የሚወጣ ውሃ ካያችሁ በዚያው ቀን ለቀበሌው ተናገሩ።