ከማን ደመወዝ ይቀነስ?



ባለፈው ጁሙዓ ሆለታ ላይ ሰግደን ስንወጣ ሁለት ወጣቶች ጫማቸውን እያሰሩ ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም የአርሰናል ደጋፊዎች ናቸው፤ ያከራከራቸው ደግሞ መሱት ኦዚል ነው። አንዱ "ሙስሊም ነኝ እያለ በኮሮና ጊዜ ከደመወዜ አይቀነስም ያለ ሰው ነው" ይላል። ሌላው "ሠርቶ ያገኘውን ለቢሊየነር ባለቤት ለምን ይተውለታል?" ይላል። ሲያዩኝ "ኡስታዝ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱን" አሉኝ። ቆመው የሚመልሱት ጥያቄ ስላልመሰለኝ ለዛሬ ቀጠርኳቸው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ሳያጣሩ ስለ ሰው መናገር ራሱ ወንጀል ነውና።

በፈረንጆቹ 2020 የአውሮፓ ሊጎች ቆሙ። የባርሴሎና ተጫዋቾች ደመወዛቸው በ70 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ፤ የክለቡ ሌሎች ሠራተኞችም ሙሉ ደመወዛቸውን እንዲያገኙ ከራሳቸው ጨመሩ። እንግሊዝ ውስጥ የጤና ሚኒስትሩ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን እንዲያስቀንሱ በአደባባይ ጠየቁ። ብዙ ተጫዋቾች ደግሞ በራሳቸው ተሰባስበው ለአገሪቱ የጤና አገልግሎት ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። አርሰናል 12.5 በመቶ ለመቀነስ ሲጠይቅ አብዛኞቹ ተስማሙ፤ ኦዚል አልተስማማም። በኋላ ሲጠየቅ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በግልጽ እንዳልተነገራቸውና ለውሳኔው እንደተጣደፉ ተናገረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክለቡ 55 የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ኦዚል ደግሞ ከሥራ የተሰናበተውን፣ የክለቡን የዳይኖሰር ማስኮት የሚለብሰውን ሰው ደመወዝ "እኔ እከፍላለሁ" አለ።

ኒያውን አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። ሱረቱል ማኢዳ ገና ሲጀምር አላህ አማኞችን ውላቸውን እንዲሞሉ ያዛቸዋል። ሱረቱ ኒሳእ ላይ ደግሞ በመካከላችን ገንዘብን ያለ ሐቅ እንዳንበላ፣ ተዋደን በምናደርገው ንግድ ካልሆነ በቀር ከልክሎናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ተሟጋቹ አላህ ራሱ እንደሚሆን ነግረውናል። ይህ ማስጠንቀቂያ ደመወዙ ትንሽ የሆነውን ሠራተኛ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ደመወዝ ቢያንስም ቢበዛም የባለቤቱ ሐቅ ነው። ስለዚህ "ሀብታም ስለሆነ ይወሰድበት" ማለት ፍትሕ አይደለም። ሳይወድ የተወሰደበት ሰው ሶደቃ ሰጠ አይባልም፤ የወሰደበትም ሰው ለድሃ አዘነ አይባልም።

ግን ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ካቆምን ግማሹን ብቻ ነው የያዝነው። የኔ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ለኔ ብቻ ላስቀረው ማለት ሌላ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአሽዐሪ ጎሳ ሰዎችን ያወደሱት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ፣ ወይም አገራቸው ውስጥ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ሁሉም ያለውን አምጥቶ በአንድ ጨርቅ ላይ ይሰበስቡና እኩል ይካፈሉት ነበር። ብዙ ያመጣውም ትንሽ ያመጣውም አንድ ዓይነት ድርሻ ያገኛል። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እነሱ ከኔ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ነኝ ብለው መሰከሩላቸው። ማንም አላስገደዳቸውም።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲናን ረሃብ ሲመታት ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላለመቅመስ ወሰኑ። ሆዳቸው እየጮኸ በዘይት ኖሩ። አስተውሉ፣ ዑመር የመጀመሪያውን ቅነሳ ያደረጉት ከራሳቸው ማዕድ ላይ ነው። በየአገሩ በችግር ጊዜ የምንሰማው ጥሪ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። ከላይ ያለው ሰው ከሥር ላለው "ታገሥ" ይላል፤ ራሱ የታገሠበት ግን አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። በ2011 መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በወር 50,000 ብር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኮሮና መጣና ሊጉ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። "ደመወዛችን ለወራት አልተከፈለንም" የሚል የተጫዋቾች አቤቱታ ደግሞ ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ይህ ቅነሳ አይባልም። ማንም "ትስማማለህ ወይ?" ብሎ ሳይጠይቀው ሐቁ የቀረበት ሰው ዙልም ነው የተፈጸመበት፤ ኳስ ተጫዋች ስለሆነ ዙልሙ አይቀልም።

ሱሉልታ ላይ ቤት ተከራይተው በየማለዳው የሚሮጡትን ወጣቶችም አስቡ። እኛ "አትሌት" ስንል የሚታየን ቪላና መኪና ነው። አብዛኞቹ ግን የወር ደመወዝ የላቸውም፤ ገቢያቸው ውድድር ነው። በ2012 ውድድሮች ሲሰረዙ የሚቀነስ ነገር እንኳ አልነበራቸውም። እዚሁ ሆለታ ደግሞ የአውሮፓ የአበባ ገበያ ሲወድቅ በእርሻዎቹ የሚሠሩ እህቶቻችን "ነገ ሥራ ይኖር ይሆን?" እያሉ የሚያድሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው "አትሌት ይቀነስበት ወይስ አይቀነስበት?" አይደለም። ጥያቄው ማን ተርፎታል፣ ማንስ ጎድሎበታል የሚል ነው።

አሁን እያፈርኩ ስለ ራሴ ልናገር። ያኔ እኔ ተቀጣሪ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቢዘጋም ደመወዜ አንድም ወር አልተቋረጠም። በዚያው ጊዜ መድረሳዎች ተዘግተው ነበር። ልጅ ሳለሁ ቁርኣን ያስቀሩኝ ኡስታዝ የሚኖሩት ወላጆች በየወሩ በሚያዋጧት ብር ነበርና እሷም ቀረች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ተጫዋቾች ስስት በስልኬ እጽፍ ነበር። የኡስታዜ ነገር ትዝ ያለኝ ረመዷን ሊያልቅ ሲል ነው። ሄጄ ስጠይቃቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን ልጄ" አሉኝ። ቤቱን ሳየው ግን ደህና እንዳልነበሩ ገባኝ። የኦዚልን ደመወዝ በሳምንት ስንት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ያስተማሩኝ ሰው ምን በልተው እንዳደሩ ግን አላውቅም ነበር።

ለሁለቱ ወንድሞቼ መልሴ ይህ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚደርስ መጠየቅ ሐቅ ነው፤ በመጠየቁ ብቻ ሰውን ስስታም ማለት አይገባም። ወዶ የተወም ሞኝ አይደለም፤ በኒያው ልክ አጅሩን አላህ ዘንድ ያገኘዋል። የተረፈው ሰው ደግሞ ክለቡን ባያምን እንኳ በሌላ በር ለተቸገረው ሊደርስ ይገባል። አላህ በሱረቱ ዛሪያት የሙእሚኖችን ባሕርይ ሲነግረን በገንዘባቸው ውስጥ ለለማኝም፣ ሳይለምን ለሚቸገርም ሐቅ እንዳለ ገልጿል። ያ ሐቅ ውላችን ላይ አልተጻፈም፤ አላህ ግን ይጠይቀናል።

እናንተ የኦዚል ደመወዝ የላችሁም። ግን ሱቅ የምትሠሩ፣ ባጃጅ የምትነዱ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን የተቀበላችሁ አላችሁ። ችግር ሲመጣ ልብ በአንድ ቀን አይለመድም፤ ከአምስት ሺሕ ላይ ሃምሳ ብር መተው ያልቻለ ከአምስት መቶ ሺሕ ላይም አይተውም። ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንድ ሰው አስቡ፤ ሥራ ያቆመ ጎረቤት፣ ኪራይ የጨነቀው ጓደኛ፣ ያስቀራችሁ ኡስታዝ። ሂዱና ጠይቁት። "ደህና ነኝ" ሲላችሁም ቤቱን አይታችሁ ተመለሱ።

ያ አላህ፣ የሠራተኛን ሐቅ ከመብላት ጠብቀን። ከሰጠኸን ላይ ወደን የምንሰጥ አድርገን። የተቸገሩትን በእኛ ሰበብ ድረስላቸው። አሚን።