በገበሬው ፊት የሚነበብ ማመልከቻ

ልጄ፣

ለተፋሰሱ ልማት ትልቅ የድጋፍ ገንዘብ ልትጠይቂ መነሣትሽን ስትነግሪኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁልሽም። ደስ ያለኝ ሥራውን ስለምትወጂው ነው። የፈራሁት ደግሞ በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌ ስለማውቅ ነው። ከተማ ቁጭ ብዬ በሦስት ሌሊት ጨረስኩት፤ ገንዘቡም ተፈቀደ። ግን "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሆናል" ብዬ የጻፍኩለት ተራራ፣ እርሻው ሁሉ በሰብል በሚያዝበት ክረምት የቀበሌው ከብት የሚውልበት ብቸኛ መስክ ነበር። ከብቱ የት ይውላል ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ዓመት አጥሩ ፈረሰ፣ ከብቱ ገባ። ጥፋቱ የእረኞቹ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ መመዘኛ ይዣለሁ፤ ላንቺም የማወርስሽ እሱን ነው። ማመልከቻሽ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ የምታፍሪበት ዓረፍተ ነገር ካለው፣ ለጋሹ ሳያየው ሰርዢው።

ስለዚህ መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት "ይህ ቦታ ቢከለል የሚጎዳው ማነው?" የሚለውን ጥያቄ ይዘሽ ውረጂ። እንጨት ለቅማ የምትሸጠዋን ሴት፣ ፍየል የምታረባዋን መበለት፣ የእርሻ መሬት ያልደረሰውን ወጣት አነጋግሪ። ወረዳው "ሕዝቡ ተስማምቷል" ቢልሽ ቃለ ጉባኤውን ጠይቂ፤ ከፈረሙት ውስጥ ስንቱ ሴት እንደሆነም ቁጠሪ።

የመንዝን ጓሳ አስቢ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው ያ ደጋ እስከ ዛሬ የቆየው የመንዝ ሰው ለዘመናት በራሱ ደንብ ስለጠበቀው ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ሥሪት ሲያፈርስ የጥበቃው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው። እንግዲህ አንቺም የምትሄጅበት አገር የራሱ ደንብ ይኖረው ይሆናል። "ግንዛቤ እንፈጥራለን" ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት የነሱን ግንዛቤ ጠይቂ።

ቀጥሎ መሬቱን እዪ። ሁላችንም ችግኝ መቁጠር እንወዳለን፤ ለሪፖርት ይመቻልና። ወላይታ ሁምቦ ላይ ግን 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሲያገግም አብዛኛው ደን የበቀለው ከአዲስ ችግኝ ሳይሆን በመሬት ውስጥ ሕይወቱ ካላለፈ ጉቶ ነው። ቡቃያው ተመለመለ፣ ከከብት ተጠበቀ፣ አደገ። ጥበቃውን የያዙት የመጠቀም መብት የተሰጣቸው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ በደን ዘርፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ችግኝ የግድ ካስፈለገም "ስንት ተተከለ" አትበይ፤ ሁለት በጋ አልፎ "ስንት ጸደቀ" ብለሽ ጻፊ። ቁጥሩ ያንሳል፤ ግን እውነት ነው። የምንጩንም ፍሰት ዛሬውኑ በባልዲና በሰዓት ለኪው። መነሻው ካልተለካ ለውጡን ማንም አያምንሽም።

ስለ ለጋሾቹ አላስረዝምም። ትልቁ ገንዘብ በቀጥታ እጅሽ አይገባም። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ ገንዘቡን የሚያሳልፈው እንደ ተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና እንደ ዓለም ባንክ ባሉ ተቋማት በኩል ነው፤ አገሪቱ የወከለችው ሰው የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልጋል። የአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድም ዕውቅና የሰጠው ተቋም ካልያዘሽ፣ መንግሥትም ተቃውሞ እንደሌለው በደብዳቤ ካልገለጸ አያይሽም። በዚህ ፈንድ አመዳደብ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ፕሮጀክት ከሁሉም ትንሹ መደብ ነው። ደብዳቤዎቹ ወራት ይፈጃሉና ከጽሑፉ በፊት እነሱን አስጀምሪ። ማኅበራችሁ ኦዲት የተደረገ ትልቅ ሥራ ከሌለው ደግሞ ከፋሲሊቲው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ጀምሪ። በትንሹ ያልታመነ በትልቁ አይታመንም። ልትሠሪበት የማትችይውን ገንዘብ መጠየቅም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በጀቱ ላይ ግን ቁጭ በይ፤ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ነው። የለጋሹ ሠንጠረዥ በሩብ ዓመት ይከፋፈላል፤ መሬቱ ግን የሚያውቀው ክረምትና በጋን ነው። ሐምሌ ላይ የሚተከል ችግኝ ከወራት በፊት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ መፍላት አለበት። ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ቢለቀቅ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ መቼ መድረስ እንዳለበት በግልጽ ጻፊ። እርከን የሚሠራበትን የበጋውን የሕዝብ ጉልበት እንደ ማኅበረሰቡ መዋጮ በብር ተምነሽ ማስገባት ትችያለሽ፤ ግን ባለቤቶቹን ጠይቀሽ። ሳይጠይቁ የሰው ጉልበት በወረቀት ላይ ማዋጣት ስርቆት ነው። ምንዛሬንም አትርሺ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን አይተሻል፤ በብር ብቻ የታሰበ የነዳጅና የመለዋወጫ በጀት የት እንደሚቀር ከዚያ ተማሪ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ማለፍ እንደሌለበትም ሒሳብ ሹምሽ ያውቃል፤ አንቺም እወቂው። ከሁሉ የሚከብደው "ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የደን ጠባቂውን ደሞዝ ማን ይከፍላል?" የሚለው ነው። ለጋሹ ባይጠይቅሽ እንኳ በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ይጠይቅሻል። ከታጨደው ሣር ሽያጭ ይሁን፣ ከማር ሽያጭ ይሁን፣ ከማኅበሩ ተቀማጭ ይሁን፣ መልሱ ከነስሌቱ በማመልከቻው ውስጥ ይገኝ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ገጽ አማርኛ አድርጊውና ይዘሽው ሂጂ። የቀበሌውን ሰዎች ሰብስበሽ በዛፍ ሥር አንብቢላቸው። የሚስቁበት ቦታ ይኖራል፣ የሚቆጡበትም ይኖራል፤ ሁለቱንም ጽፈሽ ተመለሽና አርሚ። የማስገቢያው ቀን አርብ ከሆነ ረቡዕ ላኪው፤ መብራትም ኔትወርክም ቀጠሮ አያከብሩም። መልሱ ሲመጣ ደግሞ፣ እሺም ይሁን እምቢ፣ መጀመሪያ የሚሰሙት እነዚያ ያነበብሽላቸው ሰዎች ይሁኑ። በነሱ ስም ነውና የጠየቅሽው።