ወንበርና ቃል

ሴት በከተማ ምክር ቤት ተቀምጣ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ብትመክር ይገባታልን? ለሚለው ጥያቄ ሕግ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶችን ሳይለይ መምረጥንና መመረጥን ፈቀደ፤ ከዚያም በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ35ኛው አንቀጽ የቀደመው በደል እንዲታረም ለሴቶች ልዩ ድጋፍ ይገባል አለ። በ2014 ዓ.ም. በመስከረም ወር የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወይዘሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ አድርጎ ሰየመ። እንግዲህ የቀረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ወንበር የተሰጣት ሴት ቃልስ ተሰጥቷታልን? የሚል ነው።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለሳጉሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባለውን በትር ታስይዛታለች። ያገባች ሴት በባሏ ብትበደል፥ ጩኸቷን የሰሙት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ሳይክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ለጠብ ቢሰለፍ እንኳ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ሲቆሙ ጠቡን መተው ግድ ነው። ሴት ለሸንጎ አልተፈጠረችም የሚል ቢኖር የአገሩን ሥርዓት የማያውቅ ነው።

ዳሩ ግን ሲንቄና የምክር ቤት ወንበር አንድ አይደሉም። ሲንቄን ሴት ከእናቷ እንጂ ከሹም አትቀበለውም፤ የምክር ቤት አባል ግን ብዙ ጊዜ ያቀረባት ፓርቲ ነውና ከመናገሯ በፊት ፊቱን ታያለች። ወንዱስ አያይምን? ያያል። ነገር ግን እርሱ ዝም ቢል አንድ ሰው ዝም አለ ይባላል፤ እርሷ ዝም ስትል ሴቶች የሚሉት የላቸውም ይባላል።

በቁጥር የገባች አትከበርም የሚሉም አሉ። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ አስተማሩ፤ ይህንም ማንም በድርሻ አልሰጣቸውም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን መምህር አባታቸው፥ ሴት ናት፥ ያውም ዓይነ ስውር ናት ብለው ሳያስተምሯቸው ቢቀሩ ኖሮ ያ ሁሉ ምሥጢር በማጀት ይቀር ነበር። በር መክፈት ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

የከተማ ምክር ቤት ሥራ የውኃ፥ የገበያ፥ የመንገድ ነገር ነው። በሳጉሬም ሆነ በአሰላ ቧንቧ ሲደርቅ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው ማን እንደ ሆነች ሁሉም ያውቃል። ይህን የምታውቅ አባል በጀት ሲቆረጥ እጇን ለማውጣት ብቻ ከተፈለገች፥ በደጅ በሲንቄዋ ትሰማ የነበረችው በአዳራሽ ተቆጥራ ጠፋች ማለት ነው። ተነሥታ አይሆንም ብትል ግን፥ ያቀረባት ወገን በሚመጣው ምርጫ ስሟን ይጽፈው ይሆን?