የምሽት ሰዓት ከልጆች ጋር፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤቶች

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ የሚገናኘው ማታ ነው። ቀኑን አባት በእርሻ፣ እናት በውኃና በማገዶ፣ ልጅ በከብት ጥበቃ ወይም በትምህርት ቤት ተበታትነው ይውላሉ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከብቱ በረት ገብቶ፣ እራት ተበልቶ እስኪተኛ ድረስ የሚቀረው ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ልጅ ከወላጁ ጋር የሚላመደው፣ ውሎውን የሚያወራው፣ ምግባርና አነጋገር የሚማረው በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ አዲስ ጎጆ የወጡ ወጣቶች ምሽታቸውን ከመጀመሪያው ልጅ ጀምረው ሊያስቡበት ይገባል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልጁ ተካፋይ እስከሆነ ድረስ የዘወትሩ የማታ ሥራ፣ እራቱና እሳቱ ይበቃሉ።

ምሽቱ በሥራ ይጀምራል። ላም ስትታለብ ጥጃ የሚይዘው ልጅ ነው። እናት እያለበች ስለ ውሎው ብትጠይቀው፣ የትኛዋ ጊደር ከመንጋው እንደተነጠለች፣ ከየትኛው እረኛ ጋር እንደተጣላ ይነግራታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ የሚያፍረውን ነገር እጁ ሥራ ላይ ሳለ ሳይጨነቅ ያወጣዋል። እሳት ማቀጣጠል፣ ቆሎ መቁላት፣ ቡና መውቀጥም እንዲሁ ነው። ሥራውን ለሴት ልጅ ብቻ መተው ግን ወንዱን ከእናቱ ጨዋታ ያርቀዋል፤ ሴቷንም ያደክማታል።

ቀጥሎ እግር መታጠብ ነው። ልጅ የአባቱን እግር ማጠቡ መልካም ልማድ ነውና ሊቀር አይገባም። አባትም በተራው የታናሹን እግር ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ተረከዙ ተሰንጥቆ፣ እግሩ እሾህ ይዞ ይገባል። እሳት ዳር አስቀምጦ እሾሁን በወረንጦ የሚነቅልለትን፣ ስንጥቁን ቅቤ የሚቀባለትን አባት ልጅ አይፈራውም፤ ሌላ ጊዜ ያመመውንም ለእርሱ ይናገራል።

በቀድሞው ልማድ አዋቂ ሲበላ ልጆች መብራት ይዘው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ግን አብሮ መብላት ይሻላል፤ አባት ሲያጎርስ፣ ታላቅ ለታናሽ ሲያካፍል፣ ልጅ መተሳሰብን እዚያው ገበታው ላይ ያየዋል። ከእራት በኋላ በጉና ግርጌ ድንች በረመጥ ይጠበሳል፤ በስማዳ ቆላ የማሽላ እሸት በወቅቱ አይጠፋም። የበሰለውን ለቤተሰቡ የማደሉን ኃላፊነት ትንሹ ልጅ ቢወስድ ደስታውም ትምህርቱም የእርሱ ይሆናል።

የምሽት ጨዋታ ዋናው እንቆቅልሽና ተረት ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይመለሳል። ለምሳሌ፦ ማታ ሳይኖር ጠዋት ነጭ ለብሶ የሚገኝ፣ ፀሐይ ሲያይ የሚጠፋ ምንድን ነው? የጋይንት ደጋ ልጅ አመዳይ መሆኑን ሳይቸገር ያውቃል። ያልቻለ «አገር ስጠኝ» ይባልና አንድ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ሲፎክር ቆይቶ መልሱን ይገልጣል። ደብረ ታቦር፣ መካነ ኢየሱስ፣ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ እየተባለ ሲሰጥ ልጁ የአካባቢውን ስም ያጠናል። ወላጅ ጠያቂ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። ልጅ ጠይቆ አባት ሲሸነፍ፣ አባትም በደስታ አገር ሲሰጥ፣ ልጁ በራሱ መተማመንን ይለምዳል። ተረቱም «የላም በረት» ተብሎ ከተጀመረ በኋላ ወላጅ በየመሐሉ እየቆመ «ጦጣዋ አሁን ምን ብታደርግ ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቅ ልጁ ማሰብ ይጀምራል።

ከተረት ቀጥሎ የእውነተኛው ታሪክ ተራ ነው። የአያት የቅድመ አያት ስም፣ የመጡበት ቀዬ፣ የሠሩት ሥራ በየማታው ጥቂት ጥቂት ይነገራል። የአገሩም ታሪክ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትንና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት አድርገው፣ በጨጨሆ በኩል ነው። ይህን የሰማ ልጅ ለከብት የሚወርድበትን ገደል በሌላ ዓይን ያየዋል።

ትምህርትም በምሽት ይታገዛል። በዚሁ በጋይንት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቁ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ድምፅ አውጥተው እየደጋገሙ በቃል ያጠናሉ። በቤትም ልጅ የተማረውን ጮክ ብሎ ቢያነብ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ሊረዳው ይችላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ማዳመጥና «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ ለወላጁ ፊደል ቢያስቆጥርም ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የእጅ ሥራ ለጨዋታ ይመቻል። እናት እንዝርት ይዛ ስትፈትል፣ አባት ቃጫ ሲገምድ፣ ልጅ አጠገብ ሆኖ ይለማመዳል። ለነሐሴ 13ቱ ቡሄ ጅራፍ መግመድ አባትና ልጅን ለብዙ ምሽት ያገናኛል። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ከተሞች ይህ ሥራ ስለሚያንስ ቡና ማፍላት፣ መጽሐፍ ማንበብና ቅልብልቦሽ ይተኩታል። እዚያ ምሽቱን የሚሻማው ስልክ ነው፤ ከእራት እስከ መኝታ የአባትና የእናት ስልክ አስቀድሞ ካልተቀመጠ የልጁ አይቀመጥም።

ብዙ አባቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ ይወርዳሉ። በዚያን ጊዜ ስልክ ይጠቅማል፤ አባት በተቀጠረ ምሽት ቢደውልና ልጆቹ በየተራ ውሎአቸውን ቢነግሩት ከቤቱ አይርቅም። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ያዩ ልጆችም አሉ። ማታ ሲጨልም የሚፈራን ልጅ «ወንድ አይፈራም» ብሎ ዝም ማሰኘት አይገባም። አቅፎ ማስተኛት፣ ሲናገር ሳያቋርጡ መስማት፣ የተለመደውን የምሽት ሥርዓት ሳይለውጡ መቀጠል ያረጋጋዋል።

ቁጣ ለምሽት አይቀጠር። «ማታ አባትህ ይምጣ!» እየተባለ የሚያድግ ልጅ አባቱ የሚገባበትን ሰዓት ይጠላል። ጥፋት በሆነበት ጊዜ ይታረም፤ ማታ ይቅር ተባብሎ፣ እንደየእምነቱ ጸልዮ፣ ልጅን በስሙ ጠርቶ መርቆ ማስተኛት ይገባል። በአጨዳና በውቂያ ወራት ድካሙ ስለሚበዛ ሁሉም ላይሟላ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ እንቆቅልሽና አንድ ምርቃት ይበቃሉ፣ ሳይቋረጡ በየማታው ከተደረጉ።